የሥነ ፈለክ ክበብ፦ ድንቹና ባቄላው

የሥነ ፈለክ ክበባችን ቴሌስኮፕ የለውም። የ2017 ዓ.ም. ሥራችንን የጀመርነው በአንድ ድንች፣ በአንድ ባቄላና በክር ነው።

ድንቹ ዲዲሞስ ነው። 780 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ፀሐይን በ2 ዓመት ከ1 ወር አካባቢ የሚዞር፣ አልፎ አልፎ ወደ ምድር ጠጋ የሚል አለት። ባቄላው ዲሞርፎስ ይባላል፤ 160 ሜትር ገደማ ሲሆን ዲዲሞስን በ1.2 ኪሎ ሜትር ርቀት ይዞራል። ልኩን ጠብቀን ባቄላውን ከድንቹ መሃል 15 ሳንቲ ሜትር አርቀን አንጠለጠልነው። (አንዱ ባቄላ ጠፍቶብናል። ማን እንደቆረጠመው እስካሁን አልታወቀም።)

ክፍሉን አጨልመን ባትሪ አበራን። ባቄላው በድንቹ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ትንሽ ይቀንሳል። ዲዲሞስ ጓደኛ እንዳለው በ1996 ዓ.ም. የታወቀውም በዚሁ ዘዴና በራዳር ነው።

ዋናው ክርክር የተነሳው በዳርት ነው፤ የአለትን መንገድ በግጭት መቀየር ይቻል እንደሆነ ለመሞከር ሆን ተብላ በተላከችው መንኮራኩር። መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14፣ እዚህ መስቀል ሊነጋ ሲል፣ የናሳዋ መንኮራኩር በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር እየበረረች ዲሞርፎስን ከፊት ገጨችው። 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ዙር በ33 ደቂቃ ገደማ አጠረ።

«ቲቸር፣ ተገጭቶ ፍጥነቱ ከቀነሰ መዘግየት አልነበረበትም?» አለች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ።

ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ዲዲሞስ ይጠጋል፤ ሲጠጋ ደግሞ መንገዱ ያጥራል፣ ስበቱም ስለሚበረታ ይፈጥናል አልኳት። «ውቂያ ላይ ውስጠኛው በሬ መንገዱ አጭር አይደል?» ብዬም ጨመርኩ።

ከገጠር የሚመላለስ ልጅ ሳቀ። «በሬዎቹ እኮ አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። ውስጠኛው ቀስ ይላል እንጂ ቀድሞ አይዞርም!»

ልክ ነው። የከተማ ልጅነቴ ተነቃብኝ። «እሺ፣ በሬዎቹን ፍቷቸው» አልኩ። ግቢው ውስጥ በአመድ ሁለት ክብ ሠርተን ልጆቹን ራሳቸውን አስሮጥን። ውስጠኛው በሬ እየደጋገመ ቀደመ።

ከዚያ ውጪ በሚኒ ሚዲያ ዝግጅት አቅርበናል። ጥር ላይ አንድ ምሽት ሰማይ ስናይ አምሽተን በብርድ ተንዘፍዝፈናል።

የግጭቱን ቦታ ቀርባ የምታየው የአውሮፓዋ መንኮራኩር ሄራ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተነስታለች። በዕቅዱ መሠረት የምትደርሰው በ2019 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጠያቂዋ 12ኛ ክፍል ትሆናለች። ክሩንና ባቄላውን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥንላት። ድንቹ ግን አቆጥቁጦ ስለነበር ከላብራቶሪው ጀርባ ተከልነው።