ሴሊካዋ ተነስታለች

ጅማ፣ መስከረም 2018

ለምወድህ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? እማማ ጤናቸው እንዴት ነው? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ጅማን መቼም ታውቃታለህ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። ሁለቴ ደውለህ አላነሳሁም። ምክንያቱን አሁን ልንገርህ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አንዱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠህ «አደራ» ያልከኝን ቶዮታ ሴሊካ መኪና አቁሜያት ነበር። ሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው ከቤት መኪና ላይ መነሳት ሲጀምር ወጪዋን አልቻልኩትም። ሸራ አልብሼ ግቢ ውስጥ ተውኳት። ስልክህን የፈራሁት «ሴሊካዋ እንዴት ናት?» ትለኛለህ ብዬ ነው። ይቅርታህን እለምናለሁ።

አሁን ተነስታለች። ባለፈው ሳምንት አጋሮ ደርሼባት መጣሁ። በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ሄደች!

ድሮ 7 እንኳ አትሞላም ነበር። «የስፖርት መኪና ናት፣ መጠጣቷ አይቀርም» እንል ነበር። ተሳስተናል ወንድሜ። ሞተሯ እኮ 1600 ሲሲ ነው። ክብደቷም ከአንድ ቶን አይበልጥም። ያን ሁሉ ቤንዚን ትበላ የነበረው በተፈጥሮዋ ሳይሆን አምስት ስድስት ቦታ ላይ ተበላሽታ ስለነበር ነው።

መጀመሪያ የከረመውን ቤንዚን ቀድቼ ደፋሁት፤ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ከዚያ ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞልቼ አጋሮ ሄጄ ተመለስኩ። እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ጋ አቁሜ እንደገና ሞላሁና አካፈልኩት። 6 ተኩል። በግምት መሥራት ዋጋ የለውም፤ አንድ ነገር ባስተካከልኩ ቁጥር እየለካሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ።

አንድ ቀን ወደ ቦዬ በሚወስደው ሜዳ ላይ ጥቂት ነዳሁና ፍሬን ሳልይዝ ራሷ እስክትቆም ጠበቅኩ። ወርጄ ቸርኬዎቹን በእጄ ነካኋቸው። ሦስቱ ለብ ብለዋል። የፊት ቀኙ እጅ አያስጠጋም! ክሪክ አስገብቼ አነሳኋት። ግራውን በእጄ ሳሽከረክረው ሦስት ዙር ሄደ። ቀኙ ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቀጥ አለ። የፍሬኑ ፒስቶን ዝጎ ሸራውን አልለቅ ብሎታል። ስንት ዓመት ፍሬን ይዘን ስንነዳ እንደኖርን አስበው። እሱን አስጠገንኩ፣ ሰፋፊ ጎማዎቹን አውልቄ የራሷን 165 በ13 አስገባሁ፣ ጎሚስታው ጋ ንፋሱን አስተካከልኩ። 8 ገባች።

ቀጥሎ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት። ድሮ አንድ ጋራዥ «እንዳትሞቅ» ብለው አውጥተው ጥለውት ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ይህ ነገር በአገራችን ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሞተር መሞቅ ባለበት ልክ ካልሞቀ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፣ ዘይቱም ወፍሮ ይከብደዋል። ባለ 82 ዲግሪ አስገባሁላት። ራዲያተሩን ካስጠረግክ ጅረን ዳገት ላይም አትግልም፤ ወጥቼባት አይቻለሁ።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን አንዲት ቀጭን ጎማ ናት። ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ተነስታ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ጎን ወዳለችው ክብ ቆርቆሮ የምትሄደውን ታውቃታለህ አይደል? አንድ ሽማግሌ መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው፣ ጎማዋን ነቅለው «በአፍህ ሳብ» አሉኝ። ብስብ ንፋስ ብቻ። ጎማዋ ከስር ተሰንጥቃለች። አዲስ ቆርጠው ሰጡኝና እንደገና ሳብኩ። ምላሴን ያዘችኝ! ቆርቆሮዋ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ደህና ነው ማለት ነው። ነዳጅ በቀስታ ስትሰጥ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚቃጠለው። ስለዚህ እሳቱ ቀደም ብሎ መነሳት አለበት። ያንን የምታስቀድመው ያች ክብ ቆርቆሮ ናት። እሷ ሳትሠራ መቶ ኪሎ ሜትር ብትነዳ ጉልበቱ በጭስ ማውጫ ይወጣል። በዚያች ጎማና በቴርሞስታቱ 9 ተኩል ደረስኩ።

የቀረው ካርቡሬተሩ ነበር። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን አብዝቶ ይሰጣል። ካንዴላዎቹን ስፈታ ጥላሸት ለብሰው ነበር። ሽማግሌው ዋናውን ጄት፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ጠበብ ባለ ቀየሩት። አብዝተው አላጠበቡትም፤ ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ ግሎ ባልቦላ ያቃጥላል። አሁን የካንዴላዎቹ ጫፍ ምጣድ ላይ ቀላ ማለት የጀመረ ቡና መስሏል። ልክ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ብዙ ሰው «የዲኤክስ ሞተር ግጠምላትና ተገላገል» ብሎኝ ነበር፤ የኮሮላዋን ትንሽ ሞተር ማለታቸው ነው። እንዴት ብዬ? ያን ድምፅ አጥፍቼ ምን ይዤ ልመጣልህ ነው? ደግሞም የእኛ አገር ዳገት ላይ ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ተረግጦ ስለሚሄድ የሚቆጥበው የሚባለውን ያህል አይደለም።

አነዳዴንም ቀይሬያለሁ። ካርቡሬተሯ ባለ ሁለት ጉሮሮ ነው፤ ሁለተኛው የሚከፈተው ጠንከር አድርገህ ስትረግጥ ነው። እኔ ለመቅደም ካልሆነ አልከፍተውም። ከ80 አላልፍም፣ ቶሎ ወደ ከፍተኛው ማርሽ እገባለሁ። በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቶ፣ ቁልቁለት መውረድን ግን እርም ብያለሁ። አንተም ተው፣ በሞቴ። የምታተርፈው ጠብታ ነው፤ ጊቤ በረሃ ላይ ፍሬንህ ግሎ እምቢ ካለህ ግን ማን ይደርስልሃል?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይዣት እመጣለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ሰልባትዮ ትደርሳለች ብዬ አስቤያለሁ። ጊቤ ድልድይ ጋ ስደርስ ቆሜ አንዷን ካንዴላ ፈትቼ አያታለሁ፤ እዚያ ታች አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚን አንሷት ነጣ እንዳትልብኝ። እስከዚያ ሶማሌ ተራ ጎራ ብለህ የካርቡሬተር ጋስኬት ፈልግልኝ፣ ለ2ቲ ሞተር በላቸው። የአሁኑ በሲሊኮን ነው የቆመው።

ሁለተኛው ቁልፍ አንተ ጋ አለ አይደል? አትጣለው። ከደረስኩ በኋላ የምትነዳት አንተ ነህ።

አብሮ አደግህ