ይድረስ ለቺያቬ፣ ሐዋሳ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ይሄ ሰውዬ ሞቶ ነው ወይስ ሀብታም ሆኖ?» ሳትል አትቀርም። ሁለቱም አልተሳካልኝም። ስለ ዝምታው ብዙ አልናገርም፤ ግማሹን እኔ ልውሰድ፣ ግማሹን አንተ ተሸከም። ልጅህን መዳርህን ከሰው ሰማሁ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ሳትጠራኝ የመቅረትህን ነገር ስንገናኝ በዳኛ እንጨርሰዋለን።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ማጨጃ ገዛሁ።

አትሳቅ። ከትራክተር ኋላ የሚታሰረው፣ ክንዱን በቀኝ የሚዘረጋው፣ ያ አሰላ መንገድ ዳር ወድቆ ስናየው «አዞ» እንለው የነበረው ዓይነት ነው። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። የፋብሪካው ሰሌዳ ተነቅሎ የቀሩት የሪቬት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። የሸጠልኝ ሰው ዶሮ ያሳድርበት ነበር። ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ስታየው ምንም አላለችም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ቡና እያቀረበች «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጣውንት ሆኖ ቀረ። ልጆቹም እንዲያ ነው የሚጠሩት።

ለምን እንደወደድኩት ልንገርህ። የተደበቀ ነገር የለውም። አዲስ ባለ ከበሮ ማጨጃ አሳይተውኝ ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ግን ጉልበት ያለው ትራክተር ይፈልጋል፣ አንዱ ማርሽ ቢሰበር ደግሞ ዕቃው እስኪገኝ ሳሩ ቆሞ ይደርቃል። ይሄኛው ግን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ቢላ፣ ሳሩን የሚይዝለት የማይንቀሳቀስ ጣት፣ ቢላውን የሚነዳ ዘንግ፣ አለቀ። የጎረቤቴ ማሴ ፈርጉሰን 135፣ ያቺ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ እንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረችው ባለ ሦስት ሲሊንደር ትራክተር፣ ሳትቆጣ ታሽከረክረዋለች። ፒቲኦዋን፣ ከኋላዋ ማሽን የምታዞርበትን ዘንግ፣ በደቂቃ 540 ዙር ላይ ታስቀምጥና ቀስ እያልክ መንዳት ነው።

ሲገዛ ሳር አይቆርጥም፣ ያኝካል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ቢላው ደንዝዟል» ብሎ ይሞርድና ይሞርድና ይተወዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኖቹ ቢላዎች እያንዳንዳቸው 76 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ፣ ከጣት እስከ ጣት ያለውም ርቀት 76 ነው፣ ቢላው በአንድ ምልልስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደውም ያው። ስለዚህ ቢላው የምልልሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ልክ የጣቱ መሀል ላይ መቆም አለበት። የእኔው አልፎ ነበር የሚቆመው። ለምን? ቢላውን የሚገፋውና የሚስበው ዘንግ ድሮ እንጨት ነበር፤ አንዱ ጎበዝ በያጅ ሲሰበርበት በብረት ቱቦ ተክቶታል፣ ያውም በግምት ቆርጦ። እንጨት የተደረገው እኮ በድህነት አይደለም! ቢላው ድንጋይ ሲነክስ እንጨቱ ይሰበርና የቢላውን ራስ ያድናል። ብረቱ ግን አይሰበርም፣ ምቱን እንዳለ ወደ ኩሽኔታው ያሳልፈዋል። ኩሽኔታውን ፈትቼ ሳየው ያለቀበት ምክንያት ገባኝ። አናጺ ጋ ሄጄ ከደረቀ ወይራ አስጠረብኩ፣ ልኩን ራሴ ሰጠሁት፣ ዳር ዳሩን በላሜራ አሳሰርኩት። አሁን መሀል ላይ ይቆማል።

ክንዱን ደግሞ በሲባጎ ለካሁት። ቆሞ ሳለ የውጭ ጫፉ በሜትር 2 ሴንቲ ያህል ወደፊት መቅደም አለበት፤ ሥራ ሲገባ ሳሩ ወደኋላ ስለሚገፋው ያኔ ይስተካከላል። የመጋጠሚያው ፔርኖ ተበልቶ ክንዱ ወደኋላ ተንጋዶ ነበር፣ ቶርኖ ቤት አዲስ አስወጣሁለት። ቢላዎቹን የሞረድኳቸው ራሴ ነኝ። ብረቱ ግሎ ሰማያዊ እንዳይሆን እየነካሁ፣ እየለቀቅኩ፣ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ። በኔ ስካርፔሎ ላይ ስትጮህብኝ የነበረው ድምፅህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ እግዜር ይስጥህ።

በመንገዱ በኩል ያለችውን ቁራጭ ሞከርን። ቺያቬ፣ ምን ልበልህ። ክንዱ ካለፈ በኋላ ሳሩ ለአፍታ ቆሞ ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚተኛው። እዚያው ቆሜ እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ሹፌሩ አጥፍቶ ወርዶ «ምን ሆንክ?» አለኝ።

እስካሁን የነገርኩህ ደስታው ነው። ጭንቀቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም የተያያዙ ናቸው፤ ከየቱ እንደምጀምር አላውቅም።

ያንተ ወዳጅ ሽማግሌው አጫጅ፣ ታስታውሳቸዋለህ፣ ድንኳን የመሰለ ኮታቸውን ለብሰው የሚመጡት፣ ዘንድሮም እንደ ልማዳቸው እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ሳሩን ሊያዩ መጡ። ማሽኑን ግራሩ ሥር አገኙት። አንዴ ዞሩት። ቢላውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና «ጥርሱ ብዙ ነው፤ ስንት ይበላ ይሆን?» አሉኝ። ናፍጣውን ነው? እኔን ነው? እሳቸውንና ልጆቻቸውን ነው? አልገባኝም፤ ወይም ገብቶኛል። ሻይ ጠጥተን ሄዱ። ስለ ሥራ እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኔም አልተናገርኩ።

የራሴን ምክንያት አውቀዋለሁ። ሳር የሚታጨደው አበባ ሲይዝ ነው፤ ያኔ ቅጠሉ ገና ጉልበት አለው። እኛ ግን አጫጅ የሚገኘው ከጤፉ ሲተርፍ ስለሆነ ኅዳር ድረስ እንቆያለን፤ እስከዚያ ሳሩ አገዳ ብቻ ይሆናል፣ ላሞቹም ከድርቆሹ ይልቅ የወንጂን ሞላሰስ ይጠብቃሉ። በዚህ እሳቸውም አይከራከሩኝም። ድንጋያማው ጎንና የግራሮቹ ሥር ለማሽን አይሆንም፣ እሱን በማጭድ ያው እሳቸው ያጭዱልኛል። ማገላበጡም የሰው እጅ ይፈልጋል። ድርቆሹን በእንጨት ሳጥን ውስጥ በእግር እየረገጡ ማሰሩም የልጆቻቸው ሥራ ነበር። «ነበር» አልኩ እንዴ?

እዚህ ላይ ነው ቤለሩ፣ ድርቆሽ ጠቅጥቆ በሲባጎ የሚያስረው ማሽን፣ የሚመጣው። አንድ ደላላ ይዞኝ ሄዶ አሳየኝ። አሮጌ ነው፣ አራት ማዕዘን የሚያስረው። ድርቆሹን የሚጠቀጥቀው መድፊያ ደህና ይመስላል፣ ሰንሰለቱ አለ። የቀኙ ቋጣሪ ያስራል፣ የግራው ግን ሲባጎውን ይይዝና ይለቀዋል፣ እስሩ ሜዳ ላይ ይበተናል። ባለቤቱ «ሥራ ሲለምድ ይስተካከላል» ይላል። ቋጣሪውን ከፍቼ አየሁት፤ ቋጠሮውን የሚጠመዝዘው መንቆር፣ ሲባጎ ያዡ፣ ትንሿ ቢላ። አሜሪካዊው ጆን አፕልቢ ይህን ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለስንዴ ነዶ ማሰሪያ ሲሠራው ምን እየጠጣ እንደነበር እንጃ። ማጨጃው ላይ ያገኘሁት ድፍረት እዚህ ላይ ጥሎኝ ጠፋ። መንቆሩ ተበልቶ ነው? ሲባጎውን የሚያቀብለው መርፌ ጎብጦ ነው? ወይስ ሲባጎ ያዡ ላልቶ? አንድ የጠረጠርኩት አለ፦ የሚሽከረከረው ከባድ የብረት መንኮራኩር ላይ ያለው እንዲሰበር ተብሎ የሚገባው ለስላሳ ቡሎን በጠንካራ ተተክቷል። ያ ቡሎን ካልተሰበረ የሚሰበረው መርፌው ነው፤ ስለዚህ አንዴ ተሰብሮ የተበየደ መርፌ ሊሆን ይችላል። ብየዳውን ግን ከግራሶው ሥር አላየሁትም።

ቀብድ ይፈልጋል። ቀብዱ ደግሞ... ጊደሯ ናት። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም፤ አንድ ጣውንት ችላለች፣ ሁለተኛ እንዴት ብዬ?

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። መጥተህ እየው። ከሐዋሳ ተነስተህ ሞጆ ውረድ፣ እዚያ እጠብቅሃለሁ። አንተ ቋጣሪውን በእጅህ አንዴ ብታዞረው ይበቃል። ግዛ ካልከኝ እገዛለሁ። እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ግማሽ ልቤ «ተወው፣ አይረባም» እንድትለኝ ይፈልጋል። ያኔ ሳጥኑ ለሽማግሌው ልጆች ይቀራል፣ ለእሳቸውም የምነግራቸው ነገር አገኛለሁ። ይህን አስቤ እንዳትዋሸኝ ደግሞ። ካየኸው በኋላ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።

ሰላምታዬን ለቤቱ በሙሉ አድርስልኝ። ሙሽሪት እንኳን ደስ አላት።

ወንድምህ፣ ከአዳማ

ሳልነግርህ የረሳሁት፦ ስትመጣ ያንን ቀጭኑን የክፍተት መለኪያ ላሜራህን አትርሳ፣ የኔውን ልጆቹ አጥፍተውታል። ለስላሳ ቡሎንም ካገኘህ ጥቂት ያዝ፤ እዚህ ሱቁ ሁሉ የሚሸጥልኝ «ጠንካራው ይሻልሃል» እያለ ነው።