እርጅና አይደለም፣ አባባ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ትናንት «እግሬን የያዘኝ እርጅና ነው፣ ተይው» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ስልክ ላይ እርስዎን ተከራክሮ የረታ የለም። ስለዚህ ልጻፍልዎ።

እርጅና አይደለም። ለጥምቀት ታቦቱን አጅበው እስከ አፄ ፋሲል መዋኛ በእግራቸው የወረዱ ሰው በአንድ ሳምንት አያረጁም። የሳንባ ምችዎን ያመጣው ባክቴሪያ ነው። አብዛኛውን ሰው በሳልና በትኩሳት አሰቃይቶ ይለቀዋል። አልፎ አልፎ ግን ጣጣው ጡንቻ ድረስ ይደርሳል። የባክቴሪያው መርዝ፣ የኦክስጅን ማነስና የሰውነት ድርቀት ተደራርበው ጡንቻን ያፈርሱታል። ሐኪሞቹ ራብዶማዮሊሲስ ይሉታል። ጭንዎን ስነካዎት የጮኹት ለዚህ ነው።

ጡንቻ ሲፈርስ በውስጡ ያለው ሁሉ ደም ውስጥ ይገባል። ማዮግሎቢን የሚባለው ቀዩ ፕሮቲን በኩላሊት በኩል ሲወጣ ሽንትን ያጠቁራል። ያን የጎንደር ጠላ የመሰለ ሽንት ያስታውሱታል? ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ የመመርመሪያ ወረቀት ሲነክሩበት ወረቀቱ ደም አለው አለ፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን ቀይ የደም ሴል የለም። ወረቀቱ ማዮግሎቢኑንም ደም ነው ይላልና። ሐኪሟ የነቃችው እዚህ ላይ ነው። ወዲያው ሲኬ የሚባል፣ ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈሰውን ኢንዛይም የሚለካ የደም ምርመራ አዘዘች። ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 200 አካባቢ ነው፤ ከ1,000 ካለፈ ጡንቻ እየፈረሰ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። የእርስዎ ብዙ ሺህ ነበር።

«ጉሉኮስ ሲያንጠለጥሉብኝ ከረሙ» እያሉ ያማርራሉ አሉ። ያ ጨው ያለው ውሃ ኩላሊትዎን ሲያጥብልዎ ነበር። ሽንትዎ በከረጢት ሲለካ እርስዎ አፍረው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ፤ እኔ መጠኑ በጨመረ ቁጥር እልል ማለት ያምረኝ ነበር። ደረትዎ ላይ የለጠፉት ሽቦም ለልብዎ ነው። ከጡንቻ የወጣው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ደም ውስጥ ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል። ባይደረስበት ኖሮ ዲያሊስስ፣ ማለትም በኩላሊት ፈንታ ደምን በማሽን ማጣራት፣ ሊጠብቅዎት ይችል ነበር።

አሁን ልለምንዎት። ጡንቻ ይመለሳል፣ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ግቢ ውስጥ ቀስ እያሉ ይራመዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ በእግር መሄዱ ይቆይ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ አስገዝተው አይዋጡ፣ ኩላሊት ይጎዳል። የኮሌስትሮሉንም ክኒን ሐኪሟ ሳትፈቅድ እንዳይጀምሩት፤ እሱ ራሱ አንዳንዴ ጡንቻ ያፈርሳል። ውሃውን እሷ ባለችው መጠን ይጠጡ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችንን ጠይቄያቸዋለሁ፤ «መድኃኒቱ ነው፣ ይጠጣ» ብለዋል። በእሳቸው እንዳያሳብቡ!

ሽንትዎ ዳግም ከጠቆረ ወይም ካነሰ «እስኪነጋ» አይበሉ። ታናሼ ባጃጅ ይጠራል። የደም ምርመራው ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ነው። ካርዱ ቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ አለ።

ናፋቂ ልጅዎ