የወፍጮው ሞተር ማግኔት የለውም

አንተ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አክስትህም ሰላም ብላሃለች።

ባለፈው ስልክ ደውለህ "እማ፣ የስልክ መያዣዬ ማግኔት በሽፋኑ አልፎ እንዴት ነው የሚይዘው?" ስትለኝ ስቄ ዘጋሁብህ። ዩኒቨርሲቲ የገባኸው አንተ፣ የምትጠይቀው ወፍጮ ቤት ያለችውን! ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሞተሩ ተቃጠለ።

የገበያ ቀን ነበር፣ ሰዉ ጤፉን ይዞ ተሰልፏል። ወደ ሞተሩ ከሚገቡት ሦስት የመብራት መስመሮች አንዱ (አንድ ፌዝ ይሉታል) ጠፍቶ ኖሮ ሳበራው መዞሩን ትቶ እምምም ይላል። ወዲያው ማጥፋት ነበረብኝ። እኔ ግን ይነሳ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ሽታው መጣ፣ አለቀ። አባትህን ሞተሩ አርጅቶ የተቃጠለ ነው የሚመስለው፣ እንዳትነግርብኝ።

ደሴ ወስጄው የሞተር ሽቦ ጠምጣሚው ሲከፍተው አጠገቡ ቆምኩ። ሞተር በማግኔት ነው የሚዞረው ሲባል ስለሰማሁ በዓይኔ ማግኔቱን ፈለግኩ፣ የለም። የተቃጠለ የመዳብ ሽቦ ብቻ። የሰረቁኝ መስሎኝ "ማግኔቱስ?" አልኩት። ሳቀብኝ። "እማማ፣ ይሄ ማግኔት የሚሆነው መብራት ሲገባበት ነው፣ ሲጠፋ መዳብና ብረት ብቻ ነው" አለኝ።

እኔ ደግሞ የማውቀው ያችን የእህሉ መውረጃ አፍ ላይ ያሰርናትን ነው፣ ሚስማርና የሽቦ ቁራጭ የምትለቅመውን። እሷ መብራት ኖረ አልኖረ ሁሌም ማግኔት ናት። ቤት ስመለስ የድሮ ደብተርህን ገለጥኩ (አይጥ ጠርዙን በልቶታል)። ለካ ጽፈኸዋል፦ በፈረንጆቹ 1820 ኧርስተድ የሚባል የዴንማርክ ሰው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ሽቦ ኮምፓስ አጠገብ ሲያደርግ መርፌው ዞረ። በ1831 ደግሞ እንግሊዛዊው ፋራዳይ ገልብጦ አሳየ፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ሽቦው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን ምንም የለም። ይህን ሁሉ በእጅህ ጽፈህ ነው እኔን የምትጠይቀው?

ያንተን ጥያቄ ግን ኩሽና ውስጥ ፈተንኩት። መርፌ ሲኒ ውስጥ ጣልኩና ማግኔቷን ከታች አስጠጋሁ፣ መርፌዋ ተከትላት ሄደች። ውሃ ብሞላበትም ያው ነው። ሸክላ፣ ካርቶን፣ ፕላስቲክ፣ የአሉሚኒየም ድስት፣ ሁሉንም አለፈችው። መሶቡ ላይ ብቻ ደከመች። አክስትህ "ስንደዶው ከለከላት" አለች፣ እኔ ግን አይደለም ባይ ነኝ። መሶቡ ወፍራም ነው፣ ማግኔት ደግሞ ሲርቅ ቶሎ ይደክማል፤ በባዶ አየርም ያንኑ ያህል ባራርቃቸው ያው ሆነ። የቆርቆሮ ትሪው ነው የተለየው። እሱ ላይ ማግኔቷ ጥብቅ ብላ ተለጠፈች፣ ከትሪው ወዲያ ያለችው መርፌ ግን ብዙም አልተነቃነቀችም። ብረት ጉልበቷን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ በራሱ ውስጥ ያዞረዋል፣ ልክ ማሳ ላይ ሊፈስ የነበረ ውሃ ቦይ ሲያገኝ በቦዩ እንደሚሄደው። ስለዚህ የስልክህ ሽፋን ለማግኔቱ እንደሌለ ነው። የባንክ ካርድህን ግን እዚያ አታስጠጋ፣ ጥቁሯ መስመር ልትበላሽብህ ትችላለች።

አሁን የገረመኝን ልንገርህ። ጠምጣሚው አንዲት ጠንካራ ማግኔት ከጠረጴዛው አንስቶ ከአሉሚኒየም ቧንቧ ጋር አነካካት፣ አትለጠፍም። ከዚያ በቧንቧው ውስጥ ቁልቁል ለቀቃት። እኔ ጠብ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ እያለች፣ እንደ ሙሽራ እየተጎተተች ወረደች! ቢስሚላህ አልኩ። ነገሩ የፋራዳይ ነው፦ ስትወርድ አሉሚኒየሙ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያ ኤሌክትሪክ ራሱ ማግኔት ይሆንና መልሶ እሷን ይይዛታል።

የወፍጯችን ሞተርም በዚሁ ነው የሚሠራው። የውጪው ጥቅል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ መብራት ሲገባበት ዙሪያውን የሚሽከረከር ማግኔት ይሆናል፣ የመሐሉ ክፍል ብረት ነው፣ ውስጡ የአሉሚኒየም ዘንጎች አሉት። ሽቦ አልተቀጠለበትም፣ ከውጪውም ጋር አይነካካም፣ በመካከላቸው ጠባብ የአየር ክፍተት አለ። ጉልበቱ በዚያች ክፍተት አልፎ ዘንጎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥርና እየጎተተ ያዞረዋል። አንድ ፌዝ ሲጠፋ ማግኔቱ መሽከርከሩን ትቶ እዚያው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የቆመ ሞተር አይነሳም፣ ሽቦው ብቻ ይግላል። እምምም ያለኝ እሱ ነው።

ሞተሩ ተጠምጥሞ፣ ኩሽኔታውም ተቀይሮ መጥቷል፣ ከትናንት ጀምሮ እየፈጨን ነው። ከአሮጌው ሬዲዮ ስፒከር የፈታሃት ማግኔት አንተ ጋ ካለች ስትመጣ ይዘሃት ና፣ የመውረጃዋ አፍ ላይ አንዷ ብቻዋን አልበቃ ብላለች፤ ትናንት ከአንድ ኩንታል ጤፍ አራት ሚስማር ነው የወጣው።

እማ