ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሞተር ዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያን ይመለከታል

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ክረምቱ ወጣ፣ ሳይት ሊከፈት ነው፣ የከባድ ማሽን ጋራዣችንም ስልክ መጮህ ጀምሯል። ሰሞኑን ከደወላችሁልን ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁን አንድ ነገር ነው። «የዘይት መብራቷ በርታ አልጠፋ አለች፣ ላስቁም ወይስ ያቺን ሥራ ላስጨርስ?» ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምንመልስ አንዴ ጽፈን ብንልክ ይሻላል ብለን ነው ይህን ያዘጋጀነው። ኦፕሬተሮቻችሁም ያንብቡት። እንዲያውም ከናንተ ይልቅ ለነሱ ነው የሚያስፈልገው።

መልሱ አጭር ነው። አስቁሙ። ማሽኑ መንገድ የማይዘጋበት፣ ሰው ላይ የማይንሸራተትበት ቦታ ከሆነ እዚያው ሞተር ይጥፋ። ካምፕ ድረስ እየነዱ መመለስ የለም። የካተርፒላር ማሽን ያላችሁ እንደምታውቁት ማስጠንቀቂያው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው መብራት ብቻ ነው፣ ልብ በሉ ለማለት። ሁለተኛው ኦፕሬተሩ አሠራሩን እንዲቀይር ይጠይቃል። ሦስተኛው መብራትም ጩኸትም አለው፣ ወዲያው አጥፋ ማለት ነው። የዘይት ግፊት መውደቅ የተመደበው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጎበዝ ኦፕሬተሮችን የሚያሳስት ነገር አለ። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ተሽከርካሪ) ያለው ሞተር ከከባድ ሥራ በኋላ በድንገት አይጠፋም፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ይቀዝቅዝ እያልን ያስተማርናቸው እኛው ነን። ትክክልም ነው። ግን ያ ቱርቦው ዘይት ሲያገኝ ነው። ቀዩ መብራት በርቶ «ላቀዝቅዘው» ብሎ በሚኒሞ ማቆየት የተጠማን ሰው ፀሐይ ላይ አስቀምጦ እንደመጠበቅ ነው። በዚያን ሰዓት የቱርቦ ሕግ አይሠራም።

ለምን እንዲህ እንደምናካብድ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። የምንነግራችሁ በራሳችን ላይ ነው።

አምና አንድ ጠጠር ማምረቻ ላይ የሚሠራ ሎደር ነበር። ኦፕሬተሩ ለባለቤቱ ይደውላል። «ጋሼ፣ የዘይት መብራት በራች።» ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው። «ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ነው የተበላሸው፣ ባለፈውም ሴንሰር ነበር። የጀመርከውን ጨርስና ማታ እናየዋለን።» ልጁም ጨረሰ። በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ ሞተሩ አልዞር ብሏል። ኮፓውን አወረድን፤ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ማለታችን ነው። ክራንክ ሻፍት የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ ነው፣ ብሮንዚና ደግሞ ዘንጉን የሚይዘው ስስ ብረት። የክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚና ከቦታው ተነቅሎ ክራንኩ ላይ ተጣብቋል። ክራንኩ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። የዘይት ፓምፑ መምጠጫ ወንፊት ላይ ደግሞ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ቁርጥራጮች ተለጥፈዋል። ሲሊኮን ነው፣ ኮፓው እንዳያፈስ ጠርዙ ላይ የሚቀባው ማሸጊያ። ያን ኮፓ ከጥቂት ወራት በፊት ያሸግነው እኛ ነበርን። ልጆቻችን ሲሊኮኑን አብዝተው ቀብተውት፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ቀስ በቀስ እየተቆረጠ ወንፊቱን ደፈነው። ወጪውን ከባለቤቱ ጋር ተካፈልን። ከዚያ ወዲህ ኮፓ ሳይገጠም በፊት ቀቢው ሌላ፣ አይቶ የሚያጸድቀው ሌላ ሰው ነው።

ጥፋቱ የኛም ነበር። ግን ልጁ መብራቷ እንደበራች አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው ወንፊት ማጽዳት ብቻ ነበር። እዳው ገብስ ነው። ክራንክ ሻፍት ብሮንዚናው ላይ ተኝቶ የሚሽከረከር ይመስለናል እንጂ ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱ አይነካኩም። በመሃላቸው ከፀጉር የቀጠነች የዘይት ንብርብር አለች። ክራንኩ የሚንሳፈፈው በሷ ላይ ነው። እሷ ስትጠፋ ብረት ከብረት ይገናኛል። የቀረው የሰከንዶች ጉዳይ ነው።

ሞተሩ ጠፋ እንበል። ቀጥሎስ? አስነስቶ «እስቲ ጠፍታ ይሆን» ብሎ ማየት የለም። ማሽኑ የቆመበት ሜዳ ከሆነ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁና የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ። ዳገት ላይ የቆመ ኤስካቫተር መለኪያው ይዋሻል። ዳገቱ ከበዛ ደግሞ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ይስባል፣ መብራቷም የበራችው ለዚሁ ሊሆን ይችላል።

ዘይቱ ጎድሎ ከተገኘ ነገሩ ቀላል ነው፤ የት ሄደ ብላችሁ ፈልጉ። ወይ ፈሷል ወይ ተቃጥሏል። እኛን የሚያስፈራን ጎድሎ ሲገኝ ሳይሆን በዝቶ ሲገኝ ነው። ማንም ሳይጨምርበት ዘይት አይበዛም። ወይ ናፍታ ገብቶበታል፣ ወይ የራዲያተር ውሃ። ውሃ ከሆነ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፣ አትሳሳቱትም። ናፍታው ነው ተንኮለኛው። ናፍታ የሚረጨው ኢንጀክተር ወይም የናፍታ ፓምፕ ያንጠባጥባል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዘንጉ ላይ ስታዩት ግን «አቤት ዘይቱ ሙሉ ነው» ያሰኛል። አሽትቱት። ካልለየላችሁ አንዲት ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጣል አድርጉና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ናፍታ ያለበት ዘይት መሃሉ ይጠቁርና በዙሪያው ነጣ ያለ የቅባት ቀለበት ይሠራል። ላቦራቶሪን አይተካም፣ ግን ሳይት ላይ ላለ ሰው ብዙ ይናገራል።

ዘይቱም ልኩ ላይ ነው፣ ጠረኑም ደህና ነው እንበል። ያኔ ነው «ሴንሰር» የሚለው ቃል የሚመጣው። እውነቱን ለመናገር ሴንሰር የሚሆንበት ጊዜ አለ። በተለይ አሁን፣ ከክረምት በኋላ። ሁለት ሦስት ወር የቆመ ማሽን ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ሽቦ ትበላለች። የሶኬቱ እግር ይዝጋል። ግን ሴንሰር መሆኑን የሚፈርደው አፍ ሳይሆን ጌጅ (ግፊቱን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ነው። ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የእጅ ጌጅ ማሰርና ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነስቶ ማንበብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ስታስነሱ መርፌዋ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳች ወዲያው አጥፉት። ሴንሰር ገዝቶ ቀይሮ «እስቲ እንይ» ማለት ከጌጁ ይረዝማል፣ ከጌጁም ይወደዳል፣ ሲሳሳት ደግሞ ሞተር ይበላል።

ጌጁ ስንት ማንበብ አለበት? የየሞተሩ መጽሐፍ ነው የሚነግራችሁ። ለምሳሌ ብዙዎቻችሁ ጋ ያለው ባለ 5.9 ሊትሩ የከሚንስ ቢ ሞተር፣ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ቢያንስ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው)፣ በሙሉ ፍጥነት ደግሞ ቢያንስ 30 ፒኤስአይ ሊኖረው ይገባል። የኮማትሱ ፒሲ200-7 ኤስካቫተር ሞተርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ዝቅተኛ ቁጥሮች ናቸው፣ ጤነኛ ሞተር ከዚህ በላይ ያሳያል። ጌጃችሁ በባር ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

«ሞቆ» ያልነውን አደራ። ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ብርድ የተነሳ ሞተር ዘይቱ እንደ ማር ወፍራም ስለሆነ ግፊቱ ሰማይ ይነካል። የደከመውን ብሮንዚና ይሸፍንለታል። ያው ሞተር ከሰዓት በኋላ አፋር ሜዳ ላይ ሲሆን ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ስትደውሉልን መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ መብራቷ መቼ እንደምትበራ ነው። ከሰዓት፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በሚኒሞ ሲሆን በርታ ጋዝ ሲሰጠው የምትጠፋ ከሆነ ወይ ዘይቱ ቀጥኗል ወይ ብሮንዚናው አልቋል። ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ በቅዝቃዜም በሙቀትም ከወደቀ ፓምፑን፣ ወንፊቱን ወይም ቆሻሻ ይዞት ተከፍቶ የቀረ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ እንጠረጥራለን። ጉድጓድ ሲዘል ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ወይ ዘይት ጎድሏል ወይ ሽቦ ላልቷል። ሙቀትም ፍጥነትም ምንም የማይለውጣት፣ ቁልፍ ከተከፈተ ጀምሮ ድርቅ ብላ የምትበራ ከሆነች ያኔ ሴንሰር ለማለት ትንሽ እንደፍራለን። አሁንም በጌጅ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፍ ስትከፍቱ መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች ጤና አይደለም። አንድ ግሬደር ላይ አምፖሉ ራሱ ተነቅሎ አግኝተናል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይሄ ነው።

ሞተሩ ይሞቃል የሚል ቅሬታ አብሮ ካለ ከሱ ጀምሩ። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። በኛ ከፍታ ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ሞተራችሁም ከዚያ ድስት አይሻልም። ክዳን ርካሽ ነው፣ ቀይሩት።

ስለ ፊልትሮ፣ የዘይት ማጣሪያው ማለታችን ነው። የተደፈነ ፊልትሮ ሁልጊዜ መብራት አያበራም። ሲደፈን ማለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ግፊቱ ደህና መስሎ ቆሻሻው ብሮንዚናውን ይፍቃል። ስለዚህ አሮጌውን ፊልትሮ ሳታዩት አትጣሉት። ቆርቆሮውን በመቁረጫ ክፈቱ፤ በመጋዝ አይሁን፣ የመጋዙ ብናኝ ያሳስታችኋል። ወረቀቱን ጨምቃችሁ ፀሐይ ላይ ዘርጉት። የመዳብ ቀለም ያለው የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ የብሮንዚናው የላይኛው ልባስ አልቆ ሁለተኛው እየተበላ ነው። ይህን ስታዩ ብትደውሉልን ክራንኩ ሳይነካ ብሮንዚና ብቻ ቀይረን የምንወጣበት ዕድል አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የማንስማማበትን ነገር በግልጽ እንናገር። ግፊት ሲወርድ «ወፈር ያለ ዘይት አድርግበት» የሚል ምክር ገበያው ላይ ሞልቷል። በተለመደው 15ደብልዩ40 ዘይት ፈንታ ወፍራም ዘይት፣ ወይም በጠርሙስ የሚሸጥ ማወፈሪያ። መርፌዋ ትነሳለች፣ እውነት ነው። ግን ጌጅ የሚያነበው ግፊቱን እንጂ ብሮንዚናው ጋ የደረሰውን የዘይት መጠን አይደለም። በጠዋት ብርድ ያ ወፍራም ዘይት ቱርቦ ጋ እስኪደርስ ቱርቦው ደረቁን ይሽከረከራል። ማሽኑን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ያደርገው ይሆናል። ሊሠራበት ያሰበ ግን አያድርገው። አሮጌ ማሽን ለመግዛት ስትሄዱም ይህን አስታውሱ፤ ሻጩ ሳያሞቅ ካሳያችሁ ሞተሩ እስኪሞቅ ቡና ጠጡ።

ከክረምት የወጡ ማሽኖችን ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫው ክፍት ቆይቶ ዝናብ ገብቶበት እንደሆን እዩ። ሰዓቱ ባይሞላም ለወራት የቆመ ዘይት እርጥበት ይይዛል፣ ቀይሩት። በሥራ ላይ ላሉት ብዙ አምራቾች የሚሉት በየ250 የሥራ ሰዓቱ ዘይት ይቀየር ነው። አቧራ ሳይት ላይ ከሆናችሁ እሱንም አትጠብቁ።

ስትደውሉ የሰዓት ቆጣሪውን ንባብ፣ ዘይት የተቀየረበትን ቀንና መብራቷ ሞቆ ነው ቀዝቅዞ የምትበራው የሚለውን ያዙ። የዳሽቦርዱን አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም ብትልኩልን ደግሞ መንገድ ሳንጀምር የሚያስፈልገውን ዕቃ እንይዛለን። ጌጁን ይዘን መጥተን ለክተን ሴንሰር ሆኖ ከተገኘ የምናስከፍለው የመንገዱን ብቻ ነው። «ለሴንሰር አስለፋኋችሁ» ብላችሁ አትሳቀቁ፣ እኛም በደስታ ነው የምንመለሰው።

ለመስቀል በዓል መስከረም 16 ከሰዓት በኋላና 17 ሙሉ ቀን ዝግ ነን። ስልኩ ግን ክፍት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋራዡ ባለቤትና መካኒኮች