የተንጠለጠለው ክፍያ ዕዳ በሻጩ ላይ አይውደቅ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ

ክቡር ገዥ፣

ለገሃር አካባቢ ዳቦ፣ ወተትና ሳሙና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የምጽፍልዎ ወደ ጥሬ ገንዘብ እንመለስ ለማለት አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ዝርዝር ጠፍቶ በመልስ ፈንታ ማስቲካ መስጠት ቀርቶልኛል፤ ማታ የቀኑን ሽያጭ በኪስ ይዞ ታክሲ ላይ መጋፋትም እንዲሁ።

የሚያስመርረን ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲላክ መሃል ላይ የሚቀረው ገንዘብ ነው። ከደንበኛው ሒሳብ ተቆርጧል፣ እኔ ጋ አልገባም። ሰውዬው አልዋሸም፤ ስልኩን ያሳየኛል። ግን በሐሰተኛ የክፍያ መልእክት ዕቃ የተወሰደበት ነጋዴ ሞልቷል፣ ያየሁትን ሁሉ ማመን አልችልም። ብከለክለው ሁለቴ ክፈል ማለቴ ነው፤ ብሰጠው ደግሞ ገንዘቡ እስኪገባ ዕዳው የእኔ። ባንክ ሲደወል መልሱ «ይጠብቁ» ነው። ዳቦ አከፋፋዩ ግን ጠዋት ሒሳቡን ሳይቀበል አያራግፍም።

አጠገቤ ጀበና ቡና የምታፈላው እህታችን ይብስባታል። ከሰል ሻጩ በስልክ አይቀበልም፤ ስለዚህ የተከፈላትን ብር ለማውጣት ስራዋን ትታ ኤቲኤም ስር ትሰለፋለች። አሁን «ብር ካለህ ብር ስጠኝ» ማለት ጀምራለች። ሌላም ፍርሃት አለባት፣ ብዙዎቻችን የምንጋራው። በስልኳ የሚገባው የቡና ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ዕቁብ አለ፣ የለቅሶ መዋጮ አለ፣ ከዓረብ አገር ልጇ የምትልከው አለ። ሁሉም እንደ ሽያጭ ተቆጥሮ ግብር ቢጣልብኝስ ትላለች። ይህን ስጋት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አያነሳውም። ገንዘቧ በስልክ ካላለፈ ደግሞ እንደ ቴሌብር መላ ያለው፣ ያለ መያዣ የሚሰጠው አነስተኛ ብድር ይርቃታል። ብድሩ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሷ ነበር።

በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይቀዳ ሲባል ባለመኪናው ወደደም ጠላ ለመደው። ጉሊት ላይ ግን በግዴታ አይሆንም፤ ተራ ስልክ ብቻ የያዙ እናቶች ገበያተኛቸውን ያጣሉ።

ስለዚህ ክቡር ገዥ፣ መሥሪያ ቤትዎ የተንጠለጠለ ክፍያ በስንት ሰዓት ውስጥ መግባት ወይም ወደ ላኪው መመለስ እንዳለበት ይወስንልን፤ ሰዓቱ ካለፈ ጉዳቱን ባንኮቹ ይሸከሙ። ባንኮቹ ክፍያቸውን እርስ በርስ በሚያስተላልፈው በኢትስዊች የተገናኙ ናቸው፣ ገንዘቡ የት እንደቆመ አጣርቶ ለሻጩ መንገር ይቻላል። ከገቢዎች ጋር ተነጋግራችሁም የዕቁብና የቤተሰብ ገንዘብ ከሽያጭ እንዴት እንደሚለይ ቡና የምታፈላ ሴት በሚገባት አማርኛ ይጻፍልን፤ ጽሑፉም በየቅርንጫፉ በር ላይ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የለገሃር ባለሱቅ