ወይኑን መስኮት ላይ አታብስሉት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎንደር ውስጥ ዋጋው የሚቀመስ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ሲከፈት «ይኮመጥጣል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል» ይባልና ጥፋቱ በርካሽነቱ ይላከካል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያበላሹት ሙቀትና አየር ናቸው።

ጠርሙሱ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ይመጣና ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ይከርማል። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቡሹን ይገፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ይስባል። ስለዚህ ሲገዙ የጠርሙሱን አፍ መዳሰስ ነው። ቡሹ ከአፉ ከፍ ካለ ወይም ሽፋኑ ስር የደረቀ ወይን ካጣበቀ ይቅርብዎ። ባለቡሹ ጠርሙስ ተጋድሞ ይቀመጥ፤ ክዳኑ የሚጠመዘዘው ቢቆምም ግድ የለም። መለያው ላይ ያለው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ወይኑ የተለቀመበት ነው። «ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚባለው ለጥቂት ውድ ወይኖች እንጂ ለዚህ አይሠራም፤ በሦስት በአራት ዓመቱ ቢጠጣ ይሻላል።

«ቀይ ወይን በቤት ሙቀት» የሚለው ምክር የመጣው ከቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች ነው። የሚፈለገው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የጎንደር ምሽት ራሱ ያቀዘቅዘዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ወይኑ ሞቆ ይቀርባል። ሲሞቅ አልኮሉ ቀድሞ ይተንና የፍሬውን ሽታ ይሸፍነዋል፤ «አቃጠለኝ» የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ባልዲ ውስጥ በረዶ ብቻ መክተት ብዙ አይረዳም፣ በበረዶው መሀል አየር አለና። ውሃ ይጨመርበት፤ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ፍሪጅ ከሆነ 40 ደቂቃ ያህል ነው። ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ግን ሽታው ይጠፋና ምሬቱ ብቻ ይቀራል።

ከምግብ ጋር ሲሆን ከስሙ በፊት የአልኮሉን መጠን አንብቡ። በርበሬና አልኮል ይጋገዛሉ። ለዶሮ ወጥ 14.5 በመቶ የሆነ ኮት ዱ ሮን የተባለ ቀይ ወይን ማቅረብ እሳት ላይ እሳት መጨመር ነው። ለዶሮም ለምስር ወጥም ጋሜ ከተባለው የወይን ፍሬ የሚጠመቀው ቦዦሌ ይስማማል፦ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ12.5 እስከ 13 በመቶ ነው፣ ድድ የሚያደርቀው ታኒንም ትንሽ ነው፤ 13 ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዝ ያምርበታል። ታኒኑ ጠንከር ያለው ኮርቢዬር ወይም ቦርዶ የተባለው ወይን ቦታው ደረቅ ጥብስ አጠገብ ነው፤ የሥጋው ስብ ያለዝበዋል። ሻካራ ሆኖ ከተገኘ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ተገልብጦ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ቡሹን ብቻ ነቅሎ መተው ከንቱ ነው፣ በጠባቡ አንገት የሚገባው አየር ኢምንት ነውና።

እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቡሹ በክሎታል፤ በአየርም በማቀዝቀዝም አይድንም፣ ይለወጥ።

በብርጭቆ የምትሸጡ ሆቴሎች ደግሞ የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉበት። 750 ሚሊ ሊትሩ ለአምስት 150 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ይበቃል። የተረፈውን ንጹሕ የግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ ውስጥ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑትና ፍሪጅ አስገቡት፤ አየር ካላገኘ ሦስት ቀን ደህና ይቆያል። በአራተኛው ቀን የተገኘ ለእንግዳ አይቀዳ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ሥጋ ይዘፍዘፍበት።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር